ለሰው የሚተኙት እትዬ ሚዛን

በዓለም ላይ አስመራጭ የሌለው ቤተሰብ የለም። አለ የሚል ካለ፣ አስመራጩ ራሱ ነው። አስመራጭ ማለት ገንዘቡ የእናንተ፣ ቤቱ የእናንተ፣ ምርጫው የእናንተ ሆኖ ሳለ፣ እሱ «እህ» ካላለ አንዲት ማንኪያ እንኳ ከሱቅ ይዛችሁ የማትወጡበት ዘመድ ነው። የመጋረጃ አስመራጭ አለ፤ ጨርቁን ሊቀምሰው ምንም አይቀረው። የጫማ አስመራጭ አለ፤ ሶሉን አጥፎ አጥፎ ሻጩን ያስለቅሳል። የሐብሐብ አስመራጭ አለ፤ ከውስጥ «ማነው?» እስኪባል ድረስ ያንኳኳል። እነዚህ ሁሉ ግን ተራ ሰዎች ናቸው። ክብርት እትዬ ሚዛን ፍራሽ አስመራጭ ነበሩ።

«ሚዛን» የሰፈር ስማቸው ነው። አንድ ሰው ሊተኛበት የሚገባውን ፍራሽ በጀርባቸው መዝነው ያውቃሉ። እንዴት እንደሚያውቁ ግን፣ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ እሳቸው ቤት ያደገችውና ዛሬ ጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል የምትሠራው የእህታቸው ልጅ እንኳ አታውቅም ነበር። ለሃያ ዓመት ቦርሳቸውን ይዛ አብራቸው ሱቅ ሄዳለች። ለሃያ ዓመት ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ፍራሽ ቤቱ ረጅምና መስኮት አልባ ነው። ፍራሾቹ በፕላስቲክ እንደተጠቀለሉ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈው ይቆማሉ። የጣሪያው ማራገቢያ በዞረ ቁጥር ፕላስቲኩ ነፋ ይልና ይሟሽሻል፤ ነፋ ይልና ይሟሽሻል። ከበሩ አጠገብ ለማሳያ ለሁለት የተቆረጠ ፍራሽ አለ። ስፕሪንጎቹ እንደ ጎድን አጥንት ተደርድረው ይታያሉ። እትዬ ሚዛን ሲገቡ ሻጩ ሬዲዮውን ያጠፋል። ማንም እንዲያጠፋ አዞት አያውቅም።

«ለማን ነው?» ይላሉ። ቁመት አይጠይቁም፤ ክብደት አይጠይቁም።

«ለባለቤቴ» ይባላሉ።

«እስቲ ልተኛለት።»

ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፣ በጀርባቸው ጋደም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የእህታቸው ልጅ በልቧ ትቆጥራለች። ሠላሳ አካባቢ ትንፋሻቸው ይለወጣል። ይከብዳል ወይም ይፈጥናል፤ ብቻ የእሳቸው አይሆንም። ከዚያ ሰውነታቸው አንድ ሌላ ሰው ከውስጥ ሆኖ እንደሚጎትተው ቀስ እያለ ይዞራል፣ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ ተፈላጊው ሰው እንደሚተኛው ይተኛል።

«እጅሽን በወገቤ ስር» ይላሉ የእሳቸው ባልሆነ ድምፅ። የልጅቷ እጅ እንደ ልቡ ሽው ብሎ ካለፈ ፍራሹ ጠንካራ ነው፤ ወገብ ተንጠልጥሏል። አልገባ ካለ ለስላሳ ነው፤ ሰውየው ሰምጧል። «እያስፈቀደ ከገባ እሱ ነው» የሚሉት ነገር አላቸው። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር፣ እያስፈቀደ የሚያስገባው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የስፕሪንግ ፍራሽ ነው። ትከሻና ዳሌን ትንሽ ይቀበላል፣ ወገብን ይደግፋል፣ አጠገብ የተኛ ሰው ሲገላበጥም አብሮ አይናወጥም። ይህን ማንም ሻጭ ይነግራችኋል። ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ ሌላው ነው።

የአናጢው ሚስት ለባሏ ልትገዛ የመጣች ዕለት እትዬ ሚዛን በግራ ጎናቸው ዞሩ፣ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ ከዚያ ጥርሳቸውን ያፋጩ ጀመር። እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነበር። የአናጢው ሚስት ግድግዳ ያዘች።

«ማን ነገረዎት? ለእናቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ እትዬ ሚዛን ተነስተው ሻሻቸውን እያሰሩ። «ይልቅ መንጋጋውን ለሐኪም አሳዪው።»

ብቻውን የሚኖረው የትምህርት ቤት ዳይሬክተርም አለ። «ለራሴ ነው፤ የአንድ ሰው» አለ ክራቫቱን እያስተካከለ። ተኙለት። በቀኝ በኩል ጥቂት ቆዩና ወደ ግራ ተንከባለው፣ እግራቸውን ሰብስበው፣ በቀጭን ትንፋሽ ተነፈሱ። «ሁለተኛዋ ቀለል ያለች ናት» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ብርድ ልብስ ትቀማለች።» ዳይሬክተሩ የአንድ ሰው ፍራሹን አሸክሞ በሩጫ ወጣ። ከአራት ወር በኋላ ሊለውጠው መጣ። ሚስቱም አብራው ነበረች፤ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለእናቷ የምትገዛ ልብስ ሰፊ ነበረች። እትዬ ሚዛን ገና ከመተኛታቸው ብድግ አሉ። «ርካሹን ግዢ፤ ብዙ አትቆይበትም» ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። እናቲቱ በሁለተኛው ሳምንት ከምራታቸው ጋር ታርቀው፣ ፍራሹን እዚያው ትተው ወንድ ልጃቸው ቤት ገቡ። እስከ ዛሬ አሉ፤ ዳማ ይጫወታሉ።

ታዲያ እንዲህ ያሉት ሰው ራሳቸው እንቅልፍ አጡ።

መጀመሪያ ያስተዋለችው የእህታቸው ልጅ ናት። ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሻይ እየቀዱ ብርጭቆው ከሞላ በኋላም ሲቀዱ አየቻቸው። በሚቀጥለው ሳምንት የልብስ ቅርጫት ይዘው ከደረጃ ወደቁ። ክንዳቸው ተላላጠ እንጂ አልተሰበሩም። ሐኪሙ ግን የደም ግፊታቸውን ለክቶ፣ ደግሞ ለክቶ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«እናቴ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ?»

«ለማን?» አሉ እትዬ ሚዛን።

ሐኪሙ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ይህ ግፊት በመድኃኒት ብቻ አይወርድም። እንቅልፍ ካላገኙ የሚቀጥለው አወዳደቅ እንዲህ ቀላል አይሆንም» አላት፤ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነው ይበልጥ ያስፈራት።

ቤት ስትመልሳቸው በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብታ አንሶላውን ገለጠች። ያረጀ የስፖንጅ ፍራሽ ነው።

«ምን ትፈልጊያለሽ? ምንም አልሆነም። መሃሉን እይው፣ እንደ አዲስ ነው።»

እውነትም መሃሉ እንደ አዲስ ነው። በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ግን እንደ ወረቀት ሳስቶ የአልጋው ርብራብ ይቆጠራል።

«አክስቴ፣ አንቺ የት ነው የምትተኚው?»

«አልጋ ላይ ነዋ። የት ልተኛ ነበር?»

«ነገ ፍራሽ ቤት እንሄዳለን።»

«ለማን?»

«ላንቺ።»

አንሶላውን ከእጇ ነጥቀው መልሰው አነጠፉት። 

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሄዱ። ሻጩ ሬዲዮውን አጠፋና እንደ ልማዱ እጁን አጣጥፎ ቆመ። እትዬ ሚዛን ጫማቸውን አወለቁ፣ ጋደም አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅቷ ቆጠረች። ሠላሳ ሆነ። ሃምሳ ሆነ። ማራገቢያው ዞረ፤ የተሰለፉት ፍራሾች ነፋ ብለው ሟሸሹ። መቶ ሆነ። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም፤ እግራቸው አልታጠፈም። ፊታቸው ላይ ምንም አልመጣም። ካርድ ክፍል ስሙ ያልተሞላ ባዶ ካርድ ሲወጣ ያለውን ነጭነት ልጅቷ ታውቀዋለች፤ ያው ነበር።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ማንም አልመጣም።»

«ሌላ እንሞክራ፣ እማማ» አለ ሻጩ።

ለስላሳውን ሞከሩ። ጠንካራውን ሞከሩ። ወፍራሙን፣ ስሱን፣ ጥጥ የለበሰውን ሞከሩ። ስድስተኛው ላይ ተነስተው ተቀመጡና ባዶ እግራቸውን ተመለከቱ። «ለዚህ ሁሉ ሰው ተኝቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የኔን አተኛኘት አጣሁት። በይ እንሂድ፤ ለሌለ ሰው ፍራሽ አይገዛም።»

ልጅቷ ከአፏ ምን እንደወጣ የሰማችው ከወጣ በኋላ ነው። «እስቲ እኔ ልተኛልሽ።»

«አንቺ ደግሞ የት ታውቂበታለሽ?»

«ቦርሳሽን ያዢ።»

መካከለኛው የስፕሪንግ ፍራሽ ላይ ወጣች። ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የተሰማት ኀፍረት ብቻ ነበር፤ ካልሲዋ ተቀዷል። ቁጥሩን አክስቷ ናቸው የያዙት፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ትሰማለች። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ።

ከዚያ ሰውነቷ መንሸራተት ጀመረ። ማንም አልገፋትም። መሃሉን ባዶ ትቶ ወደ ጠርዙ፣ ወደ በሩ በኩል ሄደ። አንድ እግሯ ከፍራሹ ወርዶ ጣቷ ወለሉን ነካ፤ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው። አንገቷ ከትራሱ ቀና አለ፤ አንድ ጆሮዋ ብቻውን አየር ላይ ቀረ። ያኔ መስማት ጀመረች። ከጀርባ ያለው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሰማች። ከግድግዳው ማዶ ዘበኛው ጋዜጣ ሲገልጥ ሰማች። ከሁሉም በታች፣ ባዶ በተተወው የፍራሹ መሃል፣ የልጅ ትንፋሽ ሰማች። እየተቆራረጠ የሚያፏጭ፣ ደረቱ የታፈነ ልጅ ትንፋሽ። ታውቀዋለች። ሰባት ዓመቷ ሳለ አስም እያፈናት ያን ክረምት ሙሉ ያፏጨችው የራሷ ትንፋሽ ነው።

የራሷ ከሆነ ብላ ትንፋሿን ያዘች። ትንፋሹ ግን አልቆመም።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አክስቷ በአልጋ ጠርዝ ላይ ሆነው ያንን ትንፋሽ ሲጠብቁ ኖረዋል። አስሙ ለቋት፣ አድጋ፣ አግብታ ከቤት ከወጣች በኋላ እንኳ ተዪ ያላቸው አልነበረም።

«እጅሽን በወገቤ ስር» አለች። ድምፁ የእሷ አልነበረም፤ የአክስቷ ነበር። ሻጩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የተቆረጠውን ፍራሽ ገጨው፤ ስፕሪንጎቹ ተንጫጩ። የአክስቷ እጅ ገባ፤ እያስፈቀደ ገባ።

ልጅቷ ተነስታ ተቀመጠች። ፊቷን ጠረገች። «ይሄ ነው። ጠርዙ ላይ ግን አይደለም። ወደ መሃል ግቢ።»

«መሃሉማ ...» አሉ እትዬ ሚዛን።

«አሁን ደህና ነኝ፣ አክስቴ። ትንፋሼ ከተሻለው ቆየ።»

አክስቷ ጠጋ አሉ። «ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

«ታዲያ ማን ይጠብቀው?»

«እኔ አለሁ። ተኚ።»

እትዬ ሚዛን ወደ መሃል ገቡ። ገና ቁጥር ሳይጀመር፣ ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ሲታጠፍና ሲዘረጋ የኖረው ሰውነት በጀርባው ተንጋለለ፤ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ወርውሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ ማንኮራፋቱን ለቀቀው። እንዲህ ያለ ማንኮራፋት ከዚያች ጨዋ ሴትዮ ይወጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ፍራሾቹ የተጠቀለሉበት ፕላስቲክ ተንቀጠቀጠ። ሻጩ ወንበር አምጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠና ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «ከሰዓት ተመለሱ፤ ሰው ተኝቶብናል» እያለ መለሰ። ልጅቷም መሥሪያ ቤቷ ደውላ አስፈቀደች።

ዛሬ እትዬ ሚዛን ግፊታቸው ወርዷል፤ ጉራቸው ግን ጣሪያ ነክቷል። «ራሴ ነኝ የመረጥኩት» ይላሉ ፍራሹን ላየላቸው ሁሉ። «ልጅቷማ ቦርሳ ነው የያዘችው።» ለሰው መተኛት ትተዋል። የሚጠይቃቸውን «እኔ የራሴ እንቅልፍ አለብኝ» እያሉ ይመልሱታል፤ ሰፈሩም ፍራሹን በግምት እየገዛ ወገቡን ይዞ ይሄዳል።

ልጅቷ ቤት ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቀድሟት ይነሳል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በነቃ ቁጥር መሃሉን ለእሱ ትታ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ አንድ እግሯ ወለሉን ነክቶ ያገኛታል። አንድ ቀን ጠየቃት።

«ምን ሆነሽ ነው? ምን ትሰሚያለሽ?»

«አክስቴን። ሌሊቱን ሙሉ በጀርባዋ ነው የተኛችው፤ አንገቷን ይይዛታል።»

«አክስትሽ እኮ ከዚህ ስምንት ፌርማታ ይርቃሉ።»

«አውቃለሁ። መሃል ላይ ማንኮራፋቷ ቆሞ ደነገጥኩ፤ ውኃ ልትጠጣ ተነስታ ነው።»

ባሏ ስቆ ሥራ ሄደ። ረፋዱ ላይ፣ አውቶቡሱን አቁሞ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ፣ ለጨዋታ ያህል ለእትዬ ሚዛን ደወለ።

«እንዴት አደሩ እትዬ?»

«ደህና፣ ደህና። አንገቴን ብቻ ትንሽ ይዞኛል። ውኃ ጠምቶኝ ነቅቼ እንደገና በጀርባዬ ተኛሁበት መሰለኝ።»

ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ተሳፋሪው ሞልቶ በሩን እስኪደበድብ ድረስ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ማታ ቤት ሲገባ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል ሄደ። አንድ ትራስ አንስቶ በእሷ በኩል፣ አልጋው ጠርዝ ስር፣ ወለሉን የምትነካው እግሯ እንዳይበርዳት አነጠፈላት።