ባዶ እጅህን ና

ወላጅ የሚባል ፍጡር አንድ ጉድለት አለበት፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ መፍራት አይችልም። ይችላል የምትሉኝ ካላችሁ፣ ልጆቻችሁ ገና ትንንሾች ናቸው ማለት ነው። ልጁ ሲወለድ ትኩሳት ይፈራል፣ ሲድህ እሳት ይፈራል፣ ሲሮጥ መኪና ይፈራል። አንዱን ሲፈራ ሌላውን ይረሳል። ዓይኑን የፊት በር ላይ ተክሎ ሲጠብቅ፣ የጓሮውን በር የሚከፍተው ራሱ ነው። እኔ ከፍቻለሁ። ከፍቼም "ኖር" ብዬ ተነስቻለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። ያኔ ቤታችን ገርጂ፣ የከተማው ጫፍ ላይ ነበር። ዛሬ ጎሮ ሲባል ፎቅ የሚታያችሁ ሰዎች፣ ያኔ ጎሮ ማለት የጤፍ ማሳ ነበር። አያት ስንልም ሰፈሩን ሳይሆን የእናታችንን እናት ማለታችን ነበር። ልጄ ኤርሚያስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ማትሪክ ወድቆ ቤት የተቀመጠው በዚያ ሰሞን ነው። ማትሪክ መውደቅ ዛሬም ያሳፍራል። ያኔ ግን ያዘምት ነበር። አፈሳ የሚባል ነገር ነበረ፤ ወጣት ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከሲኒማ ቤት በር፣ ከኳስ ሜዳ እንደ እህል ይታፈሳል። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ የወጣ ልጅ ከወራት በኋላ ከሰሜን ጦር ግንባር ደብዳቤ ይጽፋል። የሚጽፈውም ዕድለኛው ነው።

ስለዚህ ሁላችንም ልጆቻችንን ደበቅን። ቀበሌ መጥቶ ሲጠይቅ "ሐረር አክስቱ ጋ ሄዷል" እንላለን። በዚያ ዘመን የሰፈራችን ልጅ ሁሉ አክስት በዛለት። አንዳንዱ እናቱም አባቱም እህት ሳይኖራቸው ሦስት አክስት ነበረው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዝም ብሎ ሰምቶ ይጽፋል፤ የእሱም ልጅ አክስቱ ጋ ነበራ።

ኤርሚያስን ያስቀመጥነው ጓሮ ካለችው ሰርቪስ ክፍል ነው። ባለቤቴ አስካለ መስኮቷን በብርድ ልብስ ጋረደችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ እግሩ ኳስ የለመደ ልጅ። አንድ ሳምንት ቻለ። ሁለት ሳምንት ቻለ። በሦስተኛው አጥር ዘሎ ጎሮ ሜዳ ሊጫወት ሄደ። በዚያው ዕለት ወታደሮች መጥተው ሜዳውን ከበቡና አብረውት ከሚጫወቱት አምስቱን ወሰዱ፤ እሱ ጤፍ ውስጥ ተኝቶ ተረፈ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲገባ እናቱ መጀመሪያ አቀፈችው፣ ቀጥላ መታችው፣ ከዚያ መልሳ አቀፈችው።

"እማዬ፣ እዚህ ከምበሰብስ ቢወስዱኝ ይሻለኛል" አላት።

ይህን ሰምቼ እንቅልፍ የለኝም። ቢሮ ገብቼ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ብነግረው፣ ሳቅ እያለ "ጫት አታስለምደውም?" አለኝ። "የቃመ ልጅ ምን እግር አለው! የእኔዎቹ ሁለቱም ይኸው ዓመታቸው፤ በር ክፍት ቢሆን እንኳ አይወጡም።" እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ግን አንዱን እባብ ስሸሽ፣ ሌላውን ልጥ መስሎኝ ታጠቅሁት። በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ አንድ እስር ጫት ገዛሁና፣ በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከመንግሥት ደብዳቤዎች ጋር አስተኛሁት።

"ለጥናት ይረዳሃል፤ ማትሪኩን ደግመህ ትፈተናለህ" አልኩት።

አንድ ቅጠል ጎረሰና ፊቱን ቋጠረ። "ይመራል፣ አባባ።"

"ትለምደዋለህ" አልኩት። አባት ለልጁ የሚሰጠውን ምርቃት እዩልኝ!

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሠራ። ልጁ አጥር መዝለሉን ተወ። ፊዚክስ አነበበ። ምርቃናው ሲይዘው ለእናቱ ድልድይ ይሠራላታል፣ ጎሮ ላይ ሆስፒታል ይከፍትላታል፤ እሷም "አሜን" ትላለች። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። ማታ ማታ የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ሆነ፤ ቦርሳዬን ይቀበለኛል። አንድ ቀን "አየሽ፣ ቤት መዋሉ አባቱን አስወደደው" ብዬ ለአስካለ ጎረርኩባት። አስካለ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

"ዓይኑን አይተኸዋል? እሱ የሚያየው ቦርሳህን ነው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማየት ጀመርኩ፤ ምነው ባላየሁ። ልጁ ምግብ ተወ። አስካለ ራቱን ሦስት ጊዜ ታሞቅለታለች፣ ሦስት ጊዜ መልሳ ትከድነዋለች። ድልድዩም ሆስፒታሉም ቀሩ። ፊዚክሱ ትራስ ሆነ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ነስሩ፣ ሳይሸፋፍን የሚናገር ሰው፣ አንድ ቀን በሱቁ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ያዘኝ።

"ወላሂ ጋሽ በቀለ፣ እኔም እቅማለሁ። ዓርብ እቅማለሁ፣ ቅዳሜ ሱቄን እከፍታለሁ። የእርስዎ ልጅ ቅዳሜው የታለ?"

ስኳር ሳልገዛ ተመለስኩ።

አንድ የክረምት ቀን ከሐረርጌ የሚመጣው የጫት መኪና ቀረና ባዶዬን ገባሁ። ኤርሚያስ ቦርሳዬን ተቀበለኝ፤ ከፈተው፤ ወረቀቱን ሁሉ መሬት ላይ ገለበጠው። ከዚያ የሠራው ነገር አስደነገጠውና ተንበርክኮ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። "ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ" ይላል፣ እንባው ደብዳቤዎቹ ላይ እየወረደ። እኔስ ምን አደረግሁ? በዝናብ ወጥቼ ሰፈር ለሰፈር ዞሬ ገረባ ለምኜ መጣሁ። ገረባ ሌላው ሰው ቅሞ የጣለው ትራፊ ነው። ልጄ ያንን ሲጎርስ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ቀን በፊት ራሴን ብልህ አባት ነኝ እል ነበር።

ከዚያ ደርግ ወደቀ። ትንሽ ረጋ ሲል፣ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአክስቶቻቸው ተመለሱ! አስካለ ብርድ ልብሱን ከመስኮት አውርዳ አጠበችው። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና "ውጣ ልጄ፣ ነፃ ነህ" አልኩት። ደፉ ላይ ቆሞ መንገዱን ግራና ቀኝ አየው። "ፀሐይዋ በረታች" ብሎ ተመልሶ ገባ። አፈሳው አላገኘውም። እኔ ነኝ ያገኘሁት።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳስር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቱን ታጥቧል።

"አባባ፣ ዛሬ ባዶ እጅህን ና" አለኝ።

አስካለ ወጥ ቤት በር ላይ በነጠላዋ አፏን ይዛ ቆማለች። እኔ "እሺ" አልኩ፤ ሌላ ቃል ብጨምር ማልቀሴ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ እንደ ሙሽራ ስሽከረከር ዋልኩ።

ከሥራ ስወጣ ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ዛሬ ካልቃመ ይወጣል። ይወጣና የት ይሄዳል? ከማን ጋር? አገሩ ገና መሣሪያ እንደያዘ ነው፤ ማን ያውቃል? አፈሳ እንደቀረ ሬዲዮው ነግሮኛል፤ እግሬ ግን ሬዲዮ አይሰማም። እግሬ ሁልጊዜ ጫት ወደምገዛባት ሱቅ ወሰደኝ። ሻጯ እንደወትሮው ሳልጠይቃት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ እጄም ተቀበለ።

ኤርሚያስ በሩ ላይ ነበር። ቦርሳዬን ተቀበለኝ፤ አልከፈተውም፤ ሽታው ይበቃዋል። ይጮህብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ያንን የከሳ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

"አንተም አቃተህ አይደል?" አለኝ፣ በቀስታ። "አይዞህ አባባ። ነገ እንሞክራለን።"

አልዋሻችሁም፤ የዚያን ቀን ቃመ። ከማግሥቱ ጀምሮ ግን አስካለ ማታ ማታ ከመሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝና፣ ክንዴን ይዛ ቀጥ አድርጋ ወደ ቤት ትወስደኝ ጀመር። ባልደረቦቼ "ምን ያለ ፍቅር ነው!" ይሉ ነበር። ፍቅርም ነው፣ ጥበቃም ነው።

ልጄ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ፤ ዓመታት ፈጀበት። በመጨረሻ ተወው። ዛሬ መገናኛ አካባቢ በራሱ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ቅዳሜም ይከፍታል። ትናንት ከሥራ ሲመለስ ሃያ ደቂቃ ዘገየና፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በብርዱ፣ አጥር ስር ቆሜ መንገድ መንገዱን ሳይ አገኘኝ። ጋቢዬን አስተካክሎ አለበሰኝና ሳቀ።

"አባባ፣ አንተስ መቼ ነው የምትተወው?" አለኝ።