ቤት ያልመታው መድኃኒት

ያን ዕለት በሮብ ገበያው የቅኔ ቤት የነበርነው መምህራችን መሪጌታ ውብሸት፣ ቀልደኛው አያሌው፣ ዝምተኛው ጥሩነህና እኔ ነን።

ለመሆኑ ተማሪ ሲታመም ማን ያክመዋል? ምች ከመታው ዳማከሴ አለ። ራሱን ካመመው ጠበል አለ። የጣሊያን አውሮፕላን ከአማኑኤል ማዶ ያለውን ቤቱን ከነእናት አባቱ አቃጥሎበት አፉ የተዘጋውንስ? ጥሩነህ ወሬው ከደረሰው ወዲህ አይናገርም፤ እህልም አይቀምስም። ዳማከሴውንም ጠበሉንም ሞከርንለት። እየከሳ ሲሄድ እንዳይሞትብን ፈራን።

«አንተ ጥሩነህ፣ ከመነኮስክ ቆሎህን ለእኔ አውርሰኝ እንጂ!» አለው አያሌው። ፈገግ እንኳ አላለም።

የኔታ ይህን አይተው አጠገቡ ተቀመጡና እንዲህ ሲሉ ገጠሙ፦

«ጮቄ ተራራ ላይ ጉም ወርዶ ሰንብቶ፣
ገበሬው ተነሣ በሬውን ጠመደ።»

ደነገጥን። አንዲት ፊደል ብናዛባ የሚቆጡት የኔታ! አንባቢዬ፣ ሰማይ ሲወድቅ አይተው ያውቃሉ? እኛ ያን ቀን አየን።

ጥሩነህ ግን ከተኛበት ብድግ አለ። «የኔታ፣ ቤት አልመታም እኮ!»

«ታዲያ የተመታው የማን ቤት ነው፣ ልጄ?» አሉት ቀስ ብለው።

«የእኔ!» አለና ለቅሶውን ለቀቀው። ሲበቃው ከአያሌው እጅ ቆሎ ተቀብሎ ቆረጠመ።

ሆን ብሎ ተሳስቶ ነፍስ የሚያድን መምህር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ጥሩነህ በኋላ ግጥሙን አቃንቶ ቤት እንዲመታ አድርጎት ነበር፤ በየትኛው ቃል እንደሆነ ግን ጠፍቶኛል። አያሌው፣ ይህን ካነበብክ እስቲ ሙላልኝ።