ሰፍ ያለ አድናቂ

የሰው ልጅ ስለ ፍትሕ የከፈለው መሥዋዕትነት አንድ ቀን በዝርዝር የተጻፈ እንደሆነ፣ ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ካርቱም ሁለት ለተባለው ሰፈር መሰጠት አለበት። እዚያ፣ በአንድ ክበብ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ የሙዚቃ ድግስ ዋዜማ፣ ሰባት ሰዎች ለፍትሕ ሲሉ ምሳቸውን በስብሰባ ላይ እስከ መብላት ደርሰዋል። ከሰባቱ አንዱ እኔ ነኝ። ካላክላ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የሱቅ ታፔላ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ስሆን፣ የተመረጥኩት በአስተያየቴ ሳይሆን በብሩሼ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የኮሚቴያችን ሙሉ ስም «የዓመታዊው የሙዚቃ ድግስ የትኬት ሽያጭ ፍትሐዊነት አረጋጋጭ፣ አስተባባሪና ተከታታይ ኮሚቴ» ነበር። ስሙን ለማጽደቅ ሁለት ዓርብ ፈጅቶብናል። የተቋቋምንበት ምክንያትም አንገብጋቢ ነው። ባለፈው ዓመት ትኬቱ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ደላላ እጅ ገብቶ፣ ዘፈኑን በቃሉ የሚያውቀው ሰው ውጪ ሲቀር፣ ውስጥ የገባው ደግሞ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ሥጋውን ሲበላ አመሸ። ይህ እንዳይደገም ቆርጠን ተነሣን።

ሊቀመንበራችን አቶ በለጠ ናቸው። ካርቱም ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ሙዚቃ ሲጀመር ወዲያው እንቅልፍ ስለሚጥላቸው፣ ከማንኛውም ዘፋኝ ጋር የጥቅም ግንኙነት የላቸውም ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ብድግ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡራን የኮሚቴ አባላት! ትኬት ወረቀት አይደለም። ትኬት አደራ ነው! ይህ አደራ የሚገባው ለማን ነው? ለባለ ገንዘብ ነው? አይደለም! ለባለ ዘመድ ነው? አይደለም! ትኬት የሚገባው ሰፍ ላለ አድናቂ ነው!»

አጨበጨብን። ጸሐፊያችን ዛኪር በጥንቃቄ መዘገበው። ዛኪር ካርቱም ተወልዶ ካርቱም ያደገ ልባም ወጣት ነው፤ ጉድለቱ አማርኛው ከእናቱ ማድ ቤት ብዙም ርቆ አለመሄዱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰፍ ነበር፤ በዐረቡ አፍ ሰልፍ ማለት ነው። የዳቦ ሰፍ፣ የቤንዚን ሰፍ፣ የጋዝ ሰፍ። ስለዚህ በማግሥቱ ዛኪር ባዘዘኝ መሠረት በገዛ ብሩሼ የሚከተለውን ማስታወቂያ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩ፦ «ትኬት የሚሸጠው ሰፍ ላለ ብቻ ነው። ሰፉ ሰኞ ጠዋት እዚሁ በር ላይ ይጀመራል።»

አቶ በለጠ ሲያነቡት መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ወለወሉ።

«ዛኪር፣ ይኼ ምንድን ነው? እኔ ያልኩት እኮ ሰፍ ያለ ነው!»

«አይዋ፣ ሰፍ። እኔም ሰፍ ነው የጻፍኩት።»

«ልቡ የቋመጠ ማለቴ ነው! ዓይኑ የተንከራተተ! ሰፍ ሰፍ የሚል!»

ዛኪር ብዕሩን አወጣ። «ሁለት ሰፍ? የወንድና የሴት?»

ማስታወቂያውን ማውረድ ይቻል ነበር። ነገር ግን የተሰቀለን ነገር ማውረድ የኮሚቴውን ክብር ስለሚነካ፣ ከሦስት ሰዓት ክርክር በኋላ ታሪካዊ ውሳኔ ተላለፈ፦ «ሰፍ ያለ አድናቂ ማለት እግሩ የተሰለፈ፣ ልቡም የቋመጠ ማለት ነው።» ሁለቱም ቋንቋዎች ተከበሩ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የመጣችው ሙሚና ነበረች። ሙሚና የወሎ ልጅ ናት። ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤት ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች። በዓመት አንድ ዓርብ የራሷ ቀን ይሰጣታል፤ የዘንድሮውን ገና ከረመዳን ጀምራ ለዚህ ድግስ አስይዛዋለች። ምክንያቱም የምትመጣው ዘፋኝ ብርቅነሽ ናት። ሙሚና ከአገሯ በወጣችበት ቀን አውቶቡሱ ውስጥ የተከፈተው የብርቅነሽ ዘፈን ነበር፤ «በሩን ገርበብ አርገው፣ መምጣቴ አይቀርም» የሚለው። ብርቅነሽ ደግሞ ከዚህ በኋላ ከአገር ወጥቼ አልዘፍንም ብላለች። ስለዚህ ሙሚና ዘንድሮ ካላየቻት አታያትም።

ግን ያን ጠዋት አሠሪዋ ማዳም የላከቻት ዳቦ እንድትገዛ ነው፤ ለመቆም ጊዜ የላትም። ስለዚህ በካርቱም የዳቦ ሰልፍ ማንም የሚያደርገውን አደረገች። ከክበቡ የጓሮ አጥር ሥር ከወደቁት ጡቦች አንዱን አነሣችና በሩ ፊት አስቀመጠች።

«ዛኪር፣ ይቺ ጡብ እኔ ናት። አደራ!» ብላ ሮጠች።

እስከ ቀትር ዐሥራ አንድ ጡቦች ተሰለፉ። ከጡቦቹ ኋላ የቆመ ሰው ግን አልነበረም። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ፤ አጀንዳው «ጡብ ሊቋምጥ ይችላልን?» የሚል ነበር። እኔ አይችልም ለማለት እጄን አውጥቼ ነበር፤ አቶ በለጠ ቀደሙኝ።

«ሰው ለምሳ ይሄዳል። ለሶላት ይሄዳል። ስልክ ይደወልለታል። ጡብ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም! ከዚህ በላይ ሰፍ ማለት ምንድን ነው?»

አጨብጭበን አጸደቅነው። እኔም በቀይ ቀለም ቁጥር እንድጽፍባቸው ታዘዝኩ። የሙሚና ጡብ ቁጥር አንድ ሆነች።

ማክሰኞ ዕለት አብዱልወሃብ የተባለው ስመ ጥሩ ደላላ፣ ጡብ የተጫነ የአህያ ጋሪ እየነዳ ደረሰ።

«ሰላም ዐለይኩም። መቶ ሃያ አድናቂዎች ይዣለሁ። የት ላውርዳቸው?»

ኮሚቴው ግን ተኝቶ አልነበረም። ወዲያው «ምንጫቸው ያልታወቀ ጡቦች በድግሱ ላይ የሚያደርሱትን አሉታዊ ተፅዕኖ ለመግታት» መመሪያ አወጣ። በመመሪያው መሠረት ተቀባይነት የሚኖረው ከክበቡ የጓሮ አጥር ላይ የተነቀለ ጡብ ብቻ ነው፤ መጠኑ እኩል፣ ቀለሙ እኩል፣ ለአንድ ሰው አንድ ጡብ። አብዱልወሃብ መመሪያውን በትሕትና አዳመጠና «ታማም፣ እሺ» ብሎ ጋሪውን መለሰ። በማግሥቱ መቶ ሃያ ሰዎች አስከትሎ መጣ። እያንዳንዱ አንዳንድ ጡብ ነቀለ።

አጥሩ በጭቃ የተያያዘ ስለነበር ፍትሕን ብዙ አላስቸገረም። ረቡዕ ጠዋት ደረት ላይ ደረሰ፤ ከሰዓት ጉልበት ላይ ወረደ፤ ማምሻውን ሦስት መቶኛውን ቁጥር ስጽፍ የጓሮው አጥር መሠረቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ይህን ለአቶ በለጠ ጠቆም ባደርጋቸው፣ ትኬት የሚታየው በበሩ እንጂ በጓሮ አለመሆኑን አስታውሰው፣ የበሩን ጥበቃ በእጥፍ አጠናከሩት።

ሐሙስ የሽያጭ ቀን ነበር። የጡብ ባለቤት በአካል ቀርቦ፣ ከጡቡ አጠገብ ቆሞ፣ መቋመጡ በኮሚቴው ዓይን ከተረጋገጠ በኋላ ትኬቱን ይገዛል። የአብዱልወሃብ ሰዎች ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው ሁሉም ቀረቡ፤ ሁሉም በሚገባ ቋመጡ። የሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ግን አልመጡም። ሐሙስ በየቤቱ ለዓርብ እንግዳ የሚጠረግበት፣ የሚታጠብበት፣ የሚበሰልበት ቀን ነው። አርባ አምስት ጡቦች ብቻቸውን ቀሩ።

«ትኬታቸው ለደላላ ይሸጥ?» አለ ዛኪር።

«በጭራሽ!» አሉ አቶ በለጠ፤ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «እነዚህ ጡቦች ለአራት ቀን ፀሐይ ላይ ቆመዋል! ተራቸው ይከበራል!»

ተከበረ። አርባ አምስቱ ጡቦች በየቁጥራቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቁጥር አንድ የፊተኛው ረድፍ መካከል፣ ከአቶ በለጠ ጎን ደረሳት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሙሚና ባላት ሁሉ አጊጣ መጣች። ብርቱካንማ ሻሿ አዲስ ነበር፤ ገና የእጥፋቱ መስመር ይታያል። ዛኪር በሩ ላይ መዝገቡን ይዞ ቆሟል፤ እኔ ቀለሜንና ብሩሼን እንደያዝኩ ከጎኑ ነኝ።

«ትኬት?»

«ጡቤ የታለች? ሰኞ አደራ ያልኩህ።»

ዛኪር መዝገቡን ገለጠ። ፊቱ በራ። «ቁጥር አንድ! ማሻአላህ! ገብታለች፣ ተቀምጣለች። ፊት ለፊት!»

«እሺ፣ እኔስ?»

«አንተ መዝገብ ላይ የለህም» አለ፤ አማርኛው ሲቸኩል ሴቷንም አንተ ይላል።

«ጡቧ እኮ የኔ ናት!»

«እሷ ሐሙስ ነበረች። አንተ የት ነበርክ?»

«ማዳም ቤት ነዋ! ስምንት እንግዳ ነበረ። ወላሂ ዛኪር፣ በዓመት ያለችኝ አንድ ዓርብ ይቺ ናት። ዘጠኝ ዓመት ነው የጠበቅኩት።» ጣቷን መዝገቡ ላይ አሳረፈች። «ለጡብ የተፈቀደ ለኔ ይከለከላል?»

ዛኪር ክፉ ልጅ አይደለም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በእንባው ውስጥ ግን መዝገቡን ደግሞ አየና ራሱን ነቀነቀ። እኔ ያቺን ጡብ በገዛ እጄ ቁጥር የጻፍኩባት ሰውዬ፣ ጎንበስ ብዬ ብሩሼን አጸዳሁ። አፈርኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ሙሚና እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች አጥሩን ተከትላ ሄደች። ቢያንስ የብርቅነሽን ድምፅ ከውጭ እሰማለሁ ብላ ነው። ወደ ጓሮው ስትታጠፍ ግን የምትከተለው አጥር አልቋል። ከበር የተመለሱት ሌሎቹ ሴቶች እዚያው ቆመው፣ እግራቸው ሥር ያለውን መሠረትና ፊታቸው ያለውን መድረክ እያፈራረቁ ያያሉ። ጠባቂ የለም፤ ጠባቂዎቹ በሙሉ በሩን እያጠናከሩ ናቸው። ሙሚና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተሻገረች። ሌሎቹ ተከተሏት።

ወሬው በደቂቃ ውስጥ ካርቱም ሁለትን አዳረሰ። አብዱልወሃብ መቶ ሃያ ትኬቱን ይዞ ገዢ ቢጠብቅ፣ ገዢው ሁሉ በፊቱ ሰላም እያለው ወደ ጓሮ ያልፋል። በመጨረሻ በትኬቶቹ ራሱን ማራገብ ጀመረ።

ሙሚና ጡቧን ከፊተኛው ረድፍ አገኘቻት። አነሣቻት፣ ተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። አጠገቧ አቶ በለጠ በመጀመሪያው ዘፈን እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ብርቅነሽ «በሩን ገርበብ አርገው» ብላ ጀመረችና እንደ ልማዷ የቀረውን ሕዝብ እንዲጨርስላት ማይክራፎኑን ወደ ፊተኛው ረድፍ ዘረጋች። የክብር እንግዶቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ማይኩ አፍንጫቸው ሥር ሲደርስ አቶ በለጠ ብንን አሉና ዕድል የተሰጣቸው መሰላቸው።

«ክቡራትና ክቡራን! ኮሚቴያችን ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት...»

«መምጣቴ አይቀርም!» ብላ ሙሚና ከጎናቸው ተቀበለች። ከኋላ፣ ከፈረሰው አጥር በኩል፣ ሦስት መቶ የሚሆን ድምፅ አብሮ ተቀበላት። የአቶ በለጠ ንግግር እዚያ ውስጥ ሰጠመ። እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ፤ ዛኪር መዝገቡን ዘግቶ ይዘፍናል፣ ግማሹን ቃል ባያውቀውም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ብርቅነሽ ከመድረክ ወርዳ ሙሚና ፊት ቆመች።

«እንዲህ አድርገሽ ከየት ለመድሽው?»

«የማዳምን ልጆች የማስተኛበት ነው። ዐረቦች ናቸው፤ ግን ያለሱ አይተኙም።»

ብርቅነሽ አቀፈቻትና ትኬቷን ልፈርምልሽ አለች። ሙሚና ትኬት አልነበራትም። ጡቧን ዘረጋችላት። ብርቅነሽም ብሩሼን አስመጥታ በቀይ ቀለም እንዲህ ጻፈች፦ «ለሙሚና፣ በሩን ገርበብ ላደረገችልኝ። ብርቅነሽ።»

ኮሚቴው በማጠቃለያ ሪፖርቱ ድግሱ ከዕቅድ በላይ ፍትሐዊ እንደነበረ፣ ከልብ የሚወድ ሁሉ መግባቱን፣ ይህም የኮሚቴው የረጅም ጊዜ ስልት ውጤት መሆኑን ገልጿል። ሪፖርቱ ሳይባዛ የክበቡ ባለቤት ጓሮውን አየ። አጥሩ እንደነበረ ካልቆመ ኮሚቴም ድግስም እዚህ ግቢ አይገባም፤ ኸላስ፣ አበቃ፣ አለ። ጡቦቹ በየቁጥራቸው ተለቃቅመው ተገነቡ። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ቦታቸውን ያዙ። አንድ ቀዳዳ ቀረ፣ በሰው ዓይን ትክክል። ባለቤቱ በየቀኑ እየመጣ በዚያች ቀዳዳ አጮልቆ «የቀረችውን አምጡ» ይላል። ሌላ ጡብ ብናመጣለት፣ ያወጣነውን መመሪያ አንብቦልን ምንጩ አይታወቅም ብሎ መለሰው።

ስለዚህ አቶ በለጠ አንድ ዓርብ ከሰዓት እኔን አስከትለው ዐማራት፣ ሙሚና ወዳለችበት ቤት ሄዱ። ከግቢው በር ጀምሮ እስከ መንገዱ ማዕዘን ሴቶች ተሰልፈዋል፤ ጡቧን አይተው ፎቶ ሊነሡ። ማዳም ለእንግዶቿ ጡቧን ማሳየት ስለወደደች፣ ሙሚናን ዓርብ ዓርብ ከሥራ ነፃ አድርጋታለች። አቶ በለጠ ሰልፉን አልፈው በቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ።

«ሙሚና ልጄ፣ ጡቧን ፈልጌ ነው የመጣሁት። እንቅልፍ አጣሁ። ሙዚቃ ከፍቼ እንኳ አልተኛ አልኩ!»

ሙሚና ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ጋሼ በለጠ፣ ከልብዎ ነው? ሰፍ ብለዋል?»

«ወላሂ ሰፍ ብያለሁ! ሰፍ ነው ያልኩት!»

«እንግዲያው ሰፍ ይበሉ» አለችና በጣቷ የሰልፉን ጫፍ አሳየቻቸው።

አቶ በለጠ ሰልፉን በዓይናቸው ተከተሉት። ማዕዘኑ ላይ ይታጠፋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሱቃቸውን ክፍት ትተው ነው የመጡት። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ወደ እኔም ዞር ብለው እጄን አዩ። በቦታቸው የምናስቆመው ጡብ አልያዝንም።