የአስቤዛው ደብዳቤ

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ በታሪክ ክፍለ ጊዜ፣ መቅደላዊት ዴስኳ ላይ ተደፍታ ሕልም አየች።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ለኢዮስያስ ባዋሰችው የባዮሎጂ ደብተር ውስጥ እናቷ የጻፈችላት የአስቤዛ ዝርዝር ተረስቶ ነበር። ኢዮስያስ እንኳ ሳያየው ወረቀቱ ወደቀ፤ አንዱ ተማሪ አነሳውና ሳያነበው ወሬውን ነዛ። በማግስቱ ዘጠነኛ ክፍል በሙሉ “መቅደላዊት ለኢዮስያስ የፍቅር ደብዳቤ ጻፈች” ይል ጀመር። ልጁም ከዚያ ወዲህ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ይበልጥ የሚያንገበግባት ደግሞ የምር የምትወደው መሆኗ ነው።

በሕልሟ ትምህርት ቤቱ ተገልብጦ ነበር። መምህራኑ ዩኒፎርም ለብሰው ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ አርፍደው በር ላይ ተንበርክከዋል፤ አንድ በግ መታወቂያቸውን እያገላበጠ ያያል። የታሪክ መምህሩ ጋሽ ዳምጠው ጣታቸውን አውጥተው፣

“እትዬ መቅደላዊት፣ ውጪ ልውጣ?” አሏት።

“ይውጡ” አለቻቸው።

ሰሌዳው ላይ “እውነትና ንጋት እያደር ይጨልማል” ተብሎ ተጽፏል።

ወዲያው የሰልፍ ሜዳ ላይ ተገኘች። በባንዲራው ፈንታ ወሬው ተሰቅሏል። በጉ ማይክ ጨብጦ ደብዳቤውን ማንበብ ጀመረ።

“ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት” አለ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

መምህራኑ እንባቸውን ጠረጉ።

“ግማሽ ሊትር ዘይት።”

“እንዴት ብትወደው ነው” አለች የሒሳብ መምህሯ።

“የአስቤዛ ዝርዝር እኮ ነው” አለች መቅደላዊት። “የእናቴ እጅ ጽሑፍ ነው።”

“እናትሽም ይወዱታል ማለት ነው” አለ በጉና መዘገበው።

እውነቱን ላስመዝግብ ብላ ወደ ቢሮ ሮጠች። እዚያ ደግሞ ጸሐፊዎቹ እሷን ወረፋ ይዘው እየጠበቋት ነበር። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ ግቢውን ዞሯል። ከፊት የቆመችው ሴትዮ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻት።

“እባክሽ እመቤቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል። ጻፍኩ በይና ወደየቤታችን እንግባ።”

“አልጻፍኩማ።”

“እሱን ደግሞ ከማን ሰማሽ?”

“ከማንም። እኔው ነኝ የማውቀው።”

“እንግዲያው ምስክር አምጪ። ያየ ሰው ግን አንቀበልም፤ ያላየ ይሁን።”

መቅደላዊት ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ዞር ስትል ኢዮስያስ ወደ ኋላ እየተራመደ ሲመጣ አየችው። ጀርባውን እንደሰጣት አጠገቧ ደርሶ ቆመ።

“ሁሉም ነገረኝ” አላት። “አንቺ ብቻ ነሽ ያልነገርሽኝ።”

ይሄኔ ትዕግሥቷ አለቀ። በጉም፣ ጸሐፊዎቹም፣ ርዕሰ መምህሩም ይስሙ ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ ተናገረች።

“ኢዮስያስ፣ እወድሃለሁ። ደብዳቤውን ግን አልጻፍኩም።”

ነቃች።

ክፍሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞሯል። ጋሽ ዳምጠው ጠመኔ እንደያዙ ያይዋታል። ሁለት ረድፍ ከፊቷ የተቀመጠው ኢዮስያስ አልዞረም፤ ጆሮዎቹ ግን ቲማቲም መስለዋል። አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጓደኛዋ ወደ ረድኤት ጠጋ አለች።

“ጮክ ብዬ ተናገርኩ እንዴ?”

“ኢዮስያስ፣ እወድሃለሁ አልሽ።”

“ከዚያስ? ሁለተኛውንስ?”

“የምን ሁለተኛ?” አለች ረድኤት።