እርሳስ የተከለከለበት ቤት

ቤታችሁ ስንት የሞተ ስልክ አለ? አትፍሩ፣ ልወስድባችሁ አይደለም። እኛ ቤት መሳቢያ ውስጥ ሦስት አለ። አንደኛው ሆዱ አብጧል፣ መውለጃው የደረሰ ይመስላል። እናቴ ግን አታስጥልም፤ አንድ ቀን ይሠራ ይሆናል ትላለች።

የተጣለውስ የት ይሄዳል? እኛ ሰፈር፣ ቦሳ አዲስ፣ መልሱ አጭር ነው። ቆራሌው ይወስደዋል፤ ከቆራሌው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ይገዙታል። ከሰኮሩና ከአሰንዳቦ ሳይቀር የሞተ የሶላር ባትሪ በማዳበሪያ ከረጢት ይመጣላቸዋል። ግቢያቸው የቴሌቪዥን መቃብር ነው። ሽቦውን አቃጥለው መዳቡን ያወጣሉ። ባትሪውን በመጥረቢያ ፈልጠው ውስጡን በብረት ድስት ያቀልጣሉ። ያንን የቀለጠውን "ከባዱ" ነው የሚሉት። እውነተኛ ስሙን ጠይቀው አያውቁም፤ ሚዛን ላይ መክበዱ በቂያቸው ነው።

እኔ ደግሞ ማብራራት እወዳለሁ። ኮሌጅ አልገባሁም፤ ያወቅኩትን ያወቅኩት ስልኬ ላይ እያነበብኩ ነው። ሰፈሩ "ፕሮፌሰር" የሚለኝ ለሹፈት ነው። አመዱ በዝናብ ታጥቦ ወደ ጎመናቸው ሲወርድ፣ አጥሩ ሥር ያለችው ቡና ከጫፏ ስትደርቅ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ግን እንቅልፍ የነሳችኝ ቡናዋ አይደለችም። ልጃቸው ምሕረት ናት። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የምትጫወተው ድስቱ አጠገብ ነው። ሆዷን ያማታል። ገርጥታለች። ትናንት ያነበበችው ዛሬ ይጠፋባታል። እትዬ ብርቄ ወስፋት ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተዋታል።

አንድ ቀን አስቆምኳቸው። "እትዬ፣ እርሳስ ለልጅ መርዝ ነው! በእጇ ነክታው ወደ አፏ ካስገባችው ደሟ ውስጥ ይገባል፣ አእምሮዋን ይጎዳል። ምሕረት አጠገብ እርሳስ እንዳይደርስ!"

ደነገጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነቀነቁ። "ማሎ! እኔ በምን አውቄ? ስታኝከው እያየሁ ዝም ስላት!"

"ስታኝከው" ሲሉ መንቃት ነበረብኝ። ግን እኔ ስናገር የት እሰማለሁ? ገባቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የምሕረት አስተማሪ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ልጅቷ ያለ እርሳስ ነው የምትመጣው፤ ጓደኞቿ ሲያውሷትም እማዬ መርዝ ነው ብላለች ብላ ትሸሻለች አለችኝ።

በሩጫ ሄድኩ። እትዬ ብርቄ በኩራት ተቀበሉኝ። ቤት ያለውን እርሳስ ሁሉ ለቅመው አቃጥለዋል። የት? ድስቱ ሥር። ምሕረት እሳቱን በካርቶን ታራግባለች።

"እትዬ፣ እኔ ያልኩት እርሳስ እሱ ነው" ብዬ ድስቱን ጠቆምኩ።

ሳቁ። "ደግሞ በዚህ ይጻፋል ልትለኝ ነው?"

ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሁለት መሆኑን ማብራራት ጀመርኩ። ሳቃቸው መሃል ላይ ቀረ። ልጅቷን ጎትተው ከድስቱ አራቋት፤ እሳቱን አጠፉ። ነገ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር ተባባልን።

ከኪሴ እርሳስ አውጥቼ ለምሕረት ሰጠኋት። "ይሄኛው ምንም አያደርግሽም። በይ ስምሽን ጻፊልኝ።" አምና ስሟን በየአጥሩ በከሰል ስትጽፍ ትውል የነበረች ልጅ ናት።

"ም" ጻፈች። "ሕ" ጻፈች። ቆመች። እርሳሱን ማኘክ ጀመረች።

"ረሳሁት" አለች።

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። "በል ፕሮፌሰር፣ አብራራልኝ።"

ያን ቀን እሳቸው እንዳደረጉት፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ነቀነቅኩ።