ዶክተር ይርዳው በኑሩ ጨጓራ ላይ የዘመቱት ዘመቻ

በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ደርግ በነገሠ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ ኢንዶስኮፕ የሚሉት የጨጓራ መመልከቻ ቱቦ በእርዳታ ደብረ ታቦር በገባ በመንፈቁ፣ ብዕራቸው እንደ ጦር የሚወጋው ቁጡው ሐኪም ዶክተር ይርዳው በጨው ነጋዴው በኑሩ ሆድ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ዘመቱ።

ምክንያቱም ይህ ነው። በኑሩ ጨጓራ ውስጥ ቁስል ታይቶ ነበር፤ ካንሰር ይሁን አይሁን ግን አልታወቀም። ኑሩም ሞቴ ደረሰ ብሎ ሚዛኑን ለወንድሙ አውርሷል። በፊተኛው ዘመቻ የተቆነጠረው ናሙና አዲስ አበባ ደርሶ፣ ዝልግልግ እንጂ ሥጋ የለበትም ተብሎ ቢመለስ፣ ዶክተሩ ነደዱ፤ መርማሪዎቹን ሰነፎች፣ ዕውሮች፣ የገጠሩ ሕዝብ ጠላቶች ብለው ጽፈው ግልባጩን እስከ ክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ በተኑት።

በዘመቻውም ቀን ሲስተር ትርንጎ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆየውን የፎርማሊን ጠርሙስ ይዛ በቀኝ፣ የጀነሬተሩ አዛዥ አለሙ በጓሮ፣ የኑሩ ሚስት ዘሀራ ከነዱዓዋ በበሩ ሥር ተሰለፉ። ቱቦው በጉሮሮ ወርዶ ጨጓራ ደረሰ። ዶክተሩ አጮልቀው ቢያዩ አገሩ ሁሉ ዝልግልግ ለብሷል፤ መቆንጠጫውን ቢሰዱት አዳለጠው። ያን ጊዜ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«በዚህ ሆድ ውስጥ አንዳች ነገር ያስገባ ሰው ቢኖር አሁኑኑ ይናገር!»

ዘሀራም በበሩ ቀዳዳ፣ ብረት የሚገባበት አንጀት ቢያሳዝናት ተልባ በጥብጣ እንዳጠጣችው፣ ባለፈውም እንዲሁ እንዳደረገች፣ ዶክተሩ የከለከሉት ምግብ እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ አስረዳች። ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለካ ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ሊቃውንት ጋር ያን ሁሉ የተዋጉት ስለ ተልባ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ሳይቸኩሉ ውሃ ሰደው አጠቡ፣ አጥበውም መጠጡ፤ የቁስሉን ጠርዝ ዙሪያውን ከብበው፣ መቆንጠጫውን ከፍተው ከጨጓራው ግድግዳ አስደግፈው፣ አጥብቀው ገጥመው፣ ከአንዱም ከሌላውም ወገን ደጋግመው ቆነጠሩ። ትርንጎም እያንዳንዱን ምርኮ ሳትጨፈልቅ በመርፌ ጫፍ አንሥታ ፎርማሊን ውስጥ ከተተች። ትልቁ ምርኮ ከጤፍ ቢበልጥ ከምስር ያንስ ነበር።

አዲስ አበባም ናሙናው ግሩም ነው፣ ካንሰር የለበትም ብላ መለሰች። ኑሩ ሚዛኑን ከወንድሙ በግድ አስመለሰ፤ ዘሀራም ለድል አድራጊው አንድ ቁና ተልባ ላከች።

ክብር ለዶክተር ይርዳው ይሁን፤ ቁስልን ከብበው ለማረኩ፣ በቁጣ የተላጠ የገዛ ጨጓራቸውን በዘሀራ ተልባ ላከሙ፣ ስድባቸውን ከነግልባጩ በትነው ይቅርታቸውን ያለ ግልባጭ ለላኩ።