ሲሚንቶ በቀይ ቀለም

ለእያንዳንዱ ከተማ እግዚአብሔር፣ ይቅርታ፣ ታሪክ የሰጠው አንድ ጸጋ አለ። ሶደሬ ፍል ውሃ አላት፤ ወንጂ ስኳር አላት፤ ሻሸመኔም ገበያ አላት። ናዝሬታችን ግን በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ከነዚህ ሁሉ የላቀ ነገር ነበራት፦ ሰፊው ሕዝብ በየሳምንቱ በምን ቢደሰት እንደሚበጀው የሚወስን ኮሚቴ። ሌላው ዓለም ደስ ያለውን ሲያይና ሲሰማ፣ የኛ ቀበሌ ሰው ግን መጀመሪያ አጥንቶ፣ ተወያይቶ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ደስ እንዲለው ይደረግ ነበር።

የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ይርጋለም እባላለሁ፤ አስተማሪ ነኝ፤ ለዚህ ታሪካዊ ኃላፊነት የታጨሁትም የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ብቻ ነው። ሊቀ መንበራችን ጓድ ጆቴ ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ይሠሩ ስለነበር ፍሬውን ከገለባው የመለየት ሳይንሳዊ ልምድ እንዳላቸው የሕይወት ታሪካቸው ይመሰክራል። ሦስተኛዋ አባል ከሴቶች ማኅበር የተወከሉት ጓድ ወሰንየለሽ ነበሩ። እሳቸው ለየትኛውም የባህል ወረራ የማይበገሩ ናቸው፤ መሐረብ ግን ሁለት ይይዙ ነበር።

ዘወትር ሰኞ ጧት በአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት እለጥፋለሁ። በግራ በኩል በአረንጓዴ ቀለም «ጠቃሚ»፣ በቀኝ በኩል በቀይ ቀለም «ጎጂ» ይላል። ፊልሞቹ ከአዲስ አበባ ፈቃዳቸውን ይዘው ስለሚመጡ የመከልከል ሥልጣን የለንም። መከልከል ለሌሎች ተሰጥቷል፤ ለእኛ የተሰጠን መምከር ነው። መከርንም። የአንዱን ሳምንት ብቻ ልጥቀስ፦

«ጠቃሚ። ቴሌቪዥን፦ ማክሰኞ፣ ስለ ማዳበሪያ የሚደረግ ውይይት፤ ረቡዕ፣ በማክሰኞው ውይይት ላይ የሚደረግ ውይይት። የቴሌቪዥኑ ሳጥን ቁልፍ በጓድ ሊቀ መንበር እጅ ነው። ሙዚቃ፦ የኪነት ቡድናችን የዘመቻ መዝሙር፣ ከነንግግሩ አርባ ደቂቃ። ፊልም፦ ከወዳጅ አገር የመጣ፣ ስለ ወተት ፋብሪካ።

ጎጂ። ፊልም፦ የህንድ። በተጀመረ በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃው ልጅቱ ዝናብ ላይ ትጨፍራለች፤ ልብሷም ይርሳል። ሙዚቃ፦ በዙለይካ ሻይ ቤት ከሰዓት በኋላ የሚከፈተው የፍቅር ካሴት፤ በተለይ በሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው ዘፈን ታታሪውን ወጣት ያስተክዛል።»

እንዲህ ዘርዝሮ መጻፉን ያዘዙት ጓድ ጆቴ ናቸው። «ሕዝቡ ከምን እንደጠበቅነው ካላወቀ በምን ያመሰግነናል?» ይሉ ነበር። ክርክር የማይገኝለት አባባል ነው።

ኮሚቴው የከፈለውን መሥዋዕትነት ግን ማንም አልጻፈውም። ጎጂውን ጎጂ ለማለት ማየት ግድ ነው። ያን የህንድ ፊልም በዝግ ስብሰባ ሦስት ጊዜ አየነው።

«ጓድ ወሰንየለሽ፣ እያለቀሱ ነው እንዴ?» አልኳቸው በሦስተኛው።

«የቡርዧ ስሜት ሰውን በምን በኩል እንደሚያጠቃ እያጣራሁ ነው» አሉኝ፣ ሁለተኛውን መሐረብ እያወጡ።

«ጋሽ ሱሩር!» ብለው ጮኹ ጓድ ጆቴ። «መጨረሻው ግልጽ አልሆነልኝም። ከዝናቡ ጀምረህ ድገመው። ለማጣራት ነው!»

ጋሽ ሱሩር ደገሙት። እሳቸው በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ናዝሬት የቀሩ፣ የአዳራሹን የፊልም ማሽን አሥራ ስምንት ዓመት ያንቀሳቀሱ ሰው ናቸው። ማሽኑ ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ ሲሠራ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሰማል። የጋሽ ሱሩርን ጆሮ ያደነቆረው እሱ ነው፤ እሳቸው ግን «እሷ» ይሉታል። ሕመሟን በመዳፋቸው ዳስሰው ያውቃሉ።

የወረቀታችን ዝና በአጭር ጊዜ ከከተማ አልፎ ወንጂና መተሐራ ደረሰ። አንድ ሰኞ ለጥፌ ስመለስ ባለጋሪው ጃራ ፈረሱን መንገድ ዳር አቁሞ ጠበቀኝ። በመሠረተ ትምህርት ገና ግማሽ ፊደል ላይ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ መምህር! እስቲ ቀዩን አንብብልኝ።»

«አረንጓዴውስ?»

«አረንጓዴውን ለፈረሴ አንብብለት። አረንጓዴ የሚወድ እሱ ነው።»

በዚያ ሳምንት ለህንዱ ፊልም ሰው ከመስኮት ተንጠለጠለ። አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ደግሞ ውጭ ሻይ ሲጠጣ የቆየው ሁሉ ዝናቡ ሊጀምር ነው ብሎ ገባ። ዙለይካ ካሴቱን በሁለተኛው ገጽ ብቻ እያጫወተች የመጀመሪያውን ገጽ ረሳችው። ለወተት ፋብሪካው ፊልም የመጣነው አራት ሰዎች ነበርን፦ ጓድ ጆቴ፣ ጋሽ ሱሩር፣ እኔና ባቡር አምልጦት እዚያ የተኛ አንድ የመተሐራ ሰው። ጓድ ጆቴ የመጣውን ሕዝብ አመስግነው ንግግር አደረጉ። ሰውየው አልነቃም።

ከዚያ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። «ማሽኑ የተሰጠው ጠቃሚ ፊልም እንዲያሳይ ሆኖ ሳለ፣ ጠቃሚ በታየ ቁጥር አዳራሹ ባዶ መሆኑ ስለተደረሰበት፣ በመጪው ቅዳሜ በአሥር ሰዓት 'ሲሚንቶና ሰላም' የተሰኘው ባለሁለት ክፍል ፊልም ሲታይ ተቆጣጣሪ ይላካል። አዳራሹ ካልሞላ ማሽኑ ወደ ሞጆ የሚዛወር መሆኑን በአብዮታዊ ሰላምታ እናስታውቃለን።»

በማግሥቱ ጋሽ ሱሩር ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ የአንደኛ ክፍል ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ።

«መምህር፣ እሷ ከሄደች እኔ ምን እሆናለሁ? ሌላ ሙያ የለኝ። ልጄን ዙህራን ያስተማርኩት በእሷ፣ የዳርኩት በእሷ። የሞጆ ሰው ጠባይዋን አያውቅም፤ ወላሂ ባንድ ወር ያቃጥላታል።»

እዚህ ላይ አልቀልድም፤ አንጀቴን በሉት። ጠመኔዬን ሳሻሽ እሳቸው ቀና አሉ።

«ለመሆኑ ቀዩን የሚጽፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ!» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ሐሳቡን ለኮሚቴው ሳቀርብ ጓድ ጆቴ ጠረጴዛ ደበደቡ። «የወዳጅ አገር ሲሚንቶ ጎጂ ነው ብዬ ልፈርም? እኔ?»

«ታክቲክ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

ታክቲክ የሚለው ቃል ጓድ ጆቴን እንደ ሞቀ ወተት ያረጋጋቸዋል። «ታክቲክ ከሆነ ሌላ ነገር ነው» አሉ፣ እየተቀመጡ። «ግን ጎጂነቱ ምኑ ላይ ነው? ዘርዝረን ካልጻፍን ሕዝቡ አያምነንም።»

«በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃው የሚታየውን መግለጽ ለኅሊና ይከብዳል ብንልስ?» አሉ ጓድ ወሰንየለሽ።

«ያኔ የሚታየው ምንድን ነው?»

«ከረጢት።»

«ከረጢት ብቻ?»

«ይከፈታል» አሉ ጓድ ወሰንየለሽ።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በደንባችን መሠረት አረንጓዴው ዓምድም ባዶ ስለማይተው፣ በዚያው ቀን በስምንት ሰዓት የሚታየውን የህንድ ፊልም «ጠቃሚ» ስንል መዘገብነው። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን እንዳያዩት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እንድናነሣውም ወሰንን። ሦስታችን ፈረምን፤ ማኅተሙም ተመታ።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ለህንዱ ፊልም አንድም ሰው አልገባም። ጃራ በር ላይ ቆሞ «ጠቃሚ ካሉትማ ዝናቡን ቆርጠውታል» እያለ የመጣውን ሁሉ ይመልስ ነበር። እንዲህ ያለ ፊልም ተመልካች አጥቶ ማየት ስለከበደን ኮሚቴው ገባ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሐፍረት ማልቀስ ይቻላል። በዝናቡ ጊዜ ጓድ ጆቴ አንደኛውን መሐረብ ተዋሱ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መቼ እንዳለፈ ሦስታችንም አላወቅንም።

ዓይናችንን ጠርገን ስንወጣ ሕዝቡ ከአዳራሹ በር እስከ ባቡር ጣቢያ ተሰልፏል። የወንጂ ሠራተኞች በሸንኮራ ተጎታች ተጭነው መጥተዋል። ዙለይካ ሻይ ቤቷን ዘግታ ከነጀበናዋ ከፊት ቆማለች። ያን ሰው ጥሶ ሰሌዳው ዘንድ መድረስ አልተቻለም፤ ተቆጣጣሪውም ወዲያው ደረሱ። ሰልፉን አይተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ይህ ሁሉ ለሲሚንቶ ነው?»

«ለሲሚንቶና ለሰላም» አሉ ጓድ ጆቴ።

ፊልሙ ተጀመረ። ቋንቋውን የሚያውቅ ስላልነበረ ጓድ ጆቴ በድምፅ ማጉያ ተረጎሙት። እሳቸውም አያውቁትም፤ መንፈሱን ግን ያውቃሉ። «አሁን ሠራተኛው ደስ ብሎታል። አሁንም ደስ ብሎታል። ይሄ አለቃው ነው፤ እሱም ደስ ብሎታል።» ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ያያል። አንድ ሰው ሲያስል በአራት አቅጣጫ ዝም አሰኙት። አንድ ሰዓት ከአሥር ሲሆን እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ።

አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ። ከረጢቱ ታየ። ተከፈተ። ሲሚንቶ ፈሰሰ።

ሌላ ከረጢት መጣ።

«የታለ?» አለ አንድ የወንጂ ሰው።

«ተቆርጧል! ጋሽ ሱሩር፣ ቆርጠኸዋል! መልሰው! ድገመው!» አዳራሹ በእግሩ መሬቱን መደብደብ ጀመረ።

ተቆጣጣሪው ጎንበስ አሉ። «ምን እያሉ ነው?»

«ሲሚንቶው ይደገምልን እያሉ ነው፣ ጓድ» አሉ ጓድ ጆቴ። ከትርጉማቸው ሁሉ ትክክለኛው ይህ ብቻ ነበር።

ሦስት ጊዜ ተደገመ። ተቆጣጣሪው ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የነቃ ሕዝብ አላየሁም አሉ፤ ማሽኑ ናዝሬት ይቀራል አሉ። ቀና ብዬ ሳይ ጋሽ ሱሩር በማሳያው ቀዳዳ በኩል እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አላህን ያመሰግናሉ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ሰው ሲበተን ተቆጣጣሪው ሲጋራ ሊያጨሱ ወጡ። የቆሙት ሰሌዳው ሥር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በእኛ በኩል ሁለቱም ተሟልተው ነበር።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አሏቸው ጓድ ጆቴን።

«የእኔ ነው፣ ጓድ፤ ነገር ግን ታክቲክ…»

«በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃው ለኅሊና የሚከብድ ነገር አለ ይላል። እኔ አላየሁም።»

«አይተውታል፣ ጓድ። ከረጢቱ ነው።»

ተቆጣጣሪው ግራና ቀኝ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ እኛው ነን። የቆረጣችሁትን የት አስቀመጣችሁት?»

ምንም አልቆረጥንም ብንል ለሕዝቡ ዋሽተናል ማለት ነው፤ ቆርጠናል ብንል አምጡ ሊሉን ነው። ኮሚቴው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጣ። ዝምታችን እንደ ማስረጃ ተቆጠረ።

«እንግዲያው ፊልሙም ማሽኑም አዲስ አበባ ይሄዳሉ» አሉ ተቆጣጣሪው። «ለማጣራት ነው።»

ማሽኑ ባዶ አዳራሽ ቢያስወስደው የሚሄደው ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይርቅ ሞጆ ነበር፤ አዳራሹ ስለሞላ ግን አዲስ አበባ ሄደ። ሲጭኑት ጋሽ ሱሩር መስታወቱን የሚወለውሉባትን ጨርቅ ብቻ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ ደረሰን፦ «የበላይ አካል ፊልሙን አርባ ጊዜ ተመልክቶ የተጠቀሰውን ክፍል አላገኘም። ማጣራቱ ይቀጥላል።»

ወረቀቱ ግን አልተቋረጠም። ማሽን ሳይኖርም «ፊልም፦ የለም» ብዬ በአረንጓዴው እጽፍ ነበር። ጋሽ ሱሩር በየቀኑ ጧት ባዶውን ክፍል ከፍተው ይጠርጉና ይቆልፋሉ። አንድ እሑድ የሰኞውን አስቀድሜ ስለጥፍ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ቀዩን አሁንም የምትጽፈው አንተ ነህ?»

የለጠፍኩትን ቀደድኩትና ሌላ ጻፍኩ። በአረንጓዴው፦ «የማሽኗን መወሰድ በትዕግሥት መቀበል።» በቀዩ፦ «ማሽኗ ትመለስልን በሚል ማመልከቻ ላይ መፈረም። ማመልከቻው በጋሽ ሱሩር እጅ፣ ከሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ጀምሮ በአዳራሹ በር ይገኛል። እጅግ ጎጂ ነው።»

ሰኞ በአንድ ሰዓት ተኩል ስደርስ ሰልፉ ባቡር ጣቢያውን አልፏል። ጃራ ፈረሱን ለሰው አስይዞ ከፊት ቆሟል። ዙለይካ ከኋላው አለች፤ ቀጥሎ ጓድ ወሰንየለሽ። አራተኛው ሰው ፊቱን በኮፍያ ሸፍኗል፤ በኪሱ የተንጠለጠለውን የቴሌቪዥን ሳጥን ቁልፍ ግን አልሸፈነውም።

«ጓድ ሊቀ መንበር?» አልኩ።

«ዝም በል፣ ለማጣራት ነው» አሉ ጓድ ጆቴ። ቀጥለውም እጃቸውን ዘረጉ፤ «እስክሪብቶ ይዘሃል?»